ጠዋት ጠልቆ ከሰዓት በኋላ ስለመብረር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በዓል በቀረበ ቁጥር የማልዲቭስ ደሴቶችን የሽርሽር ማስታወቂያ በጋዜጣችሁ አነባለሁ። ባለፈው ዓመት እኔም ከባለቤቴ ጋር፣ በእግር በሩብ ሰዓት ተዞራ በምታልቅ አንዲት ደሴት ሰንብቼ፣ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅን ተምሬ ተመልሻለሁ፤ በኮራሉ መካከል የባሕር ኤሊ ሲያልፍ ያየሁበትን ጸጥታ እስካሁን አልረሳሁትም። ቅሬታዬ የጉዞ ወኪላችን የመጨረሻውን የመጥለቅ ፕሮግራም ጠዋት፣ በረራውን ከሰዓት በኋላ ማድረጉ ላይ ነው።

ጠላቂ በከፍተኛ ግፊት ውስጥ ሲተነፍስ ናይትሮጅን በደሙና በሰውነቱ ይሟሟል፤ ግፊቱ በፍጥነት ሲቀንስ ጋዙ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን ሊያሳምም፣ ሲከፋም ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል፤ ብዙዎች 24 ያደርጉታል። ለእኛ ነገሩ ይብሳል፤ በአውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እስኪስተካከል ሊወርድ ይችላል፣ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ የአውሮፕላኑ መሬት ማረፍ ብቻውን እፎይታ አያመጣም።

እኛን ያዳነን የበረራ ሰዓታችንን ጠይቆ ሲሊንደሩን የከለከለን የደሴቲቱ አስተማሪ ነው (ያን ዕለት ግን ተቀይሜው ነበር)። ወኪሎች የመጨረሻውን ቀን ለአሸዋውና ለጥላው እንዲተዉት፣ ጋዜጣችሁም ይህን ከማስታወቂያው ጎን እንዲያትምልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ