ጓርኒሲዮን ከመቀየራችሁ በፊት ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ዘይት ስለምታንጠባጥብ አንዲት ያገለገለች ሞተር ሳይክል ነው። ትንሽ ጉዳይ ሊመስላችሁ ይችላል። በሞተር ገጠር ለገጠር እየዞረ እንጀራውን የሚያበስል ሰው ግን ይገባዋል። እኔ የምኖረው አሰላ ነው፣ ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። የክትባት ሣጥኔን ከኋላ አስሬ በሳጉሬ በኩል ወደ ቀበሌዎቹ እወጣለሁ። ሞተሯ መንገድ ላይ ከቆመች በረዶው ይቀልጣል፣ ክትባቱ ይበላሻል፣ ከብቱን ከጠዋት ጀምሮ አስሮ የሚጠብቀኝ ገበሬም በከንቱ ይውላል።

አምና አዳማ ወርጄ አንዲት ባለ 150 ሲሲ የህንድ ሞተር ገዛሁ። ታጥባ፣ ተወልውላ፣ አብረቅርቃ ነበር የቀረበችልኝ። 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገቱን ነድቼ አሰላ ስገባ የቀኝ ጫማዬ በዘይት ርሷል።

የመጀመሪያው ጋራዥ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሁለት ብረት መሃል የሚገባው ስስ ማሸጊያ፣ ነው ብሎ ቀየረልኝ። አራት ቀን ደረቀች። ከዚያ በፍሪሲዮኑ በኩል ካለው የጎን ክዳን ማንጠባጠብ ጀመረች። ሁለተኛው ጋራዥ ያንንም ቀየረና በላዩ ሲሊኮን ለቀለቀበት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዘይቱ ካቴናውን ከሚያዞረው የፊት ጥርስ፣ ከፒኞኑ፣ ጀርባ መጣ፣ በካቴናው ተሳፍሮም የኋላ ጎማዬ ላይ ደረሰ። አንድ ቀን በካፊያ ኩርባ ላይ ጎማው ከሥሬ ሸርተት ሲል እግሬን መሬት አድርጌ ለጥቂት ተረፍኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለጋራዥና ለዕቃ ከ4 ሺህ ብር በላይ አውጥቼ ነበር፣ ዘይቱን ሳልቆጥር።

ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። አንድ ቦታ ሲደፈን ዘይቱ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄደው ለምንድን ነው? የሚገፋው ነገር ቢኖር ነው።

እሑድ ሞተሯን በናፍጣና በብሩሽ፣ ከዚያም በዱቄት ሳሙና አጥቤ አደረቅኳት። የሕፃናት ፓውደር በሞተሩ ዙሪያ ነሰነስኩና አሥር ደቂቃ ያህል ነድቼ ተመለስኩ። ፓውደሩ ነጭ ስለሆነ ዘይቱ መጀመሪያ የነካው ቦታ ወዲያው ይታያል። ይህን ያደረገ ጋራዥ አልገጠመኝም፤ ሁሉም ዘይቱ የሚንጠባጠብበትን ቦታ ነው የሚያዩት። ዘይት ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል፣ ስትነዱ ንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ከሁሉም ከፍ ያለውና ወደ ፊት የቀደመው እርጥበት ነው። እኔ ጋ ግን አንድ ቦታ አልነበረም። በሦስት ቦታ እኩል ላብ ላብ ብሏታል።

ከዚያ ከሞተሩ ወደ አየር ማጣሪያው ሣጥን የሚሄደውን ቀጭን ጎማ ቱቦ፣ የሞተሩን መተንፈሻ፣ ተከትዬ ሄድኩ። ሣጥኑ ጋ አልደረሰም። መሃል ላይ ተቆርጦ፣ ጫፉ ላይ ቡሎን ተሰክቶበት፣ በሽቦ ታስሯል! የቀድሞው ባለቤት ወይም የእሱ ሜካኒክ ቱቦው የዘይት ጭጋግ ሲተፋ አይቶ ደፍኖት መሆን አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒስተኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ከሥሩ ያለውን አየር ይገፋል። በፋሻዎቹ (በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት ቀለበቶች) በኩልም ጥቂት የተቃጠለ ጋዝ ወደ ካርተሩ፣ ወደ ሞተሩ የታችኛው ሆድ፣ ያመልጣል። ያ ሁሉ በመተንፈሻው መውጣት አለበት። መውጫ ካጣ ዘይቱን እየገፋ በደከመው ሲል (በሚዞር ዘንግ ዙሪያ ባለ የጎማ ማሸጊያ) ወይም ጓርኒሲዮን ይወጣል። ያንን በአዲስ ስትቀይሩት ተራው የሚቀጥለው ደካማ ይሆናል። እኔ ስከፍል የከረምኩት ለዚህ ነው። ቡሎኑን ነቅዬ አዲስ ቱቦ እስከ ማጣሪያው ሣጥን ዘረጋሁ። ዋጋው ከአንድ ጓርኒሲዮን ያነሰ ነው። የክዳኖቹ ዘይት በዚያው ሳምንት ቆመ።

መተንፈሻው ክፍት ሆኖ ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ ካለው፣ ዘይትም ቶሎ ቶሎ ከጎደለበት፣ ፋሻው አልቋልና ያ ሌላ ሥራ ነው። ዘይት ሲበዛም ማንጠባጠብ ይመጣል። ብዙ ቦታ ሙሉ ሊትሩን ገልብጠው ይሰጧችኋል። የሞተሩን መጠን ከመመሪያው እዩ፣ ሞተሯን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ለኩ። በጎን ማቆሚያዋ ተደግፋ ስትለካ ውሸት ትናገራለች።

ሜካኒኮች ወንድሞቼን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ክዳን በካቻቢቴ እየፈነቀላችሁ አትክፈቱ። አሉሚኒየሙ ከተጫረ የፈለገው ጓርኒሲዮን ቢገባበት ያፈሳል። ሲሊኮን አታብዙ። ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርሶ የዘይቱን ማጣሪያ ወንፊት ይደፍናል፣ ያኔ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። ቡሎንም በጉልበት አታጥብቁ። የጎን ክዳኖቹን የያዙት 6 ሚሊ ሜትር ቡሎኖች የሚፈልጉት 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ በአጭር ቁልፍ በእጅ አንጓ የሚደረስበት ኃይል። ከዚያ ካለፈ ጥርሱ ይበላል።

ያገለገለ ሞተር የምትገዙ ደግሞ፣ አዲስ የታጠበ ሞተር ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። ግማሽ ሰዓት ንዱት፣ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉ፣ ሻይ ጠጡና ተመለሱ። መተንፈሻ ቱቦውንም በጣታችሁ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። እኔ አዳማ ላይ ይህን ባደርግ ኖሮ ሽቦውን እዚያው አየው ነበር።

የፒኞኑ ሲል ግን በግፊቱ ተጎድቶ ኖሮ አሁንም ትንሽ ያልበዋል። በእኔ ሞተር ላይ ካርተሩ ሳይከፈት ከውጭ እንደሚቀየር አይቻለሁ፣ ሲሉን ገዝቻለሁ፣ በመጪው እሑድ እገባበታለሁ። አዘጋጁ፣ ስለ መኪና የምታወጡትን ምክር ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ለሞተር ነጂውም ሩብ ገጽ ብትሰጡት ብዙ ሰው ይጠቀማል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከአሰላ