ለታምሩ፣ ከሐዋሳ

ወንድሜ ታምሩ፣ እንደምን ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ረስቼህ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ለምረቃህ ሱፍ እንድገዛልህ የሰጠኸኝን 3,000 ብር ሌባ ወሰደው ብዬህ ነበር። ሌባ አልወሰደውም። ከዩኒቨርሲቲያችን ግቢ በር ማዶ ባለችው የኳስ ውርርድ ቤት በሁለት ቅዳሜ አስበላሁት። አንተ ሱፍ ተውሰህ ተመረቅክ፤ ፎቶው ላይ እጅጌው አጥሮብህ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

አንደኛ ዓመት ሳለን እኔ ኳስ እንኳ አላይም ነበር፤ ታስታውሳለህ። ፎቶ ኮፒ ቤቱም፣ ሻይ ቤቱም፣ የባጃጅ ተራውም ከውርርድ ቤቷ ጎን ነበሩ። የነን ካፌ ገንዘቤን፣ ካፌ መብላት ትቼ በእጄ የምቀበለውን የምግብ ብር፣ ይዤ በቀን አራቴ በደጃፏ አልፋለሁ፤ ውስጥ የዶርም ልጆች አሉ። እያንዳንዳቸው 1.5 ኦድ (ያስያዝከውን ብር የሚያባዛው ቁጥር) ያላቸውን አሥር ጨዋታዎች በ10 ብር ስትደረድር፣ ወረቀቱ ሁሉም ከያዙልህ የምታገኘውን 577 ብር ገደማ ያሳይሃል። እኔም ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ቤቱ በየጨዋታው 5 በመቶ ብቻ ለራሱ ቢያስቀር፣ አሥሩ ሲባዛ ከ10 ብርህ 4 ብር ያህሉ ኳሱ ሳይመታ ሄዷል። ይህን ቁጭ ብዬ ያሰላሁት ዘንድሮ ነው።

በወኔ አቆምኩ ብልህ ውሸት ነው። ሥራ ሳገኝ ታቦር ተራራ ግርጌ ቤት ተከራየሁ፤ መንገዴ ተቀየረ። በሦስተኛው ወር ቲኬት ሳልቆርጥ መሰንበቴን ልብ አልኩ። «በስልክ መወራረዱስ?» ትለኝ ይሆናል። እውነትህን ነው፣ ቴሌብር ኪስ ውስጥ ነው፤ በሌላው ልጅ ላይ እሱ ይብሳል። እኔን ግን የሚጠራኝ አንዱ «በላሁ!» ሲል የሚነሣው ጩኸት ነበር። የተበሉት ዝም ብለው ነው የሚወጡት።

ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ እዚያው ግቢ ገባ። ባለፈው እሁድ ልጠይቀው ስሄድ ያቺ ቤት አጠገቧ ሁለት ተጨምረውላት አገኘኋት። ተናደድኩ። የተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ወደ 100 ብር ያደገው በ2017 ዓ.ም. ነው፤ ልጆቹ ያንን የምሳ ብር ይዘው ነው የሚያልፉት። ከግቢ በር ማራቅ ምን ያቅታል?

ሻይ ይዘን የሱፍህን ነገር ነገርኩት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። እስክጨርስ ሰማኝና «ታምሩ ያውቃል?» አለኝ።

የባንክ ቁጥርህን ላክልኝ። ከዚህ ወር ደመወዝ እጀምራለሁ፤ ስልኬ የድሮው ነው።

ወንድምህ ዳዊት