ማዘር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን

ሰላም ለሁላችሁ። ስልኬ ውሃ ገብቶበት ስለነበር የደወላችሁትንም የጻፋችሁትንም ገና አሁን ነው እያየሁ ያለሁት። ደህና ነኝ፣ የእጄም ስፌት ደርቋል፣ የብሎካችን ልጆች ሁላችንም በህይወት አለን ተመስገን። የሆነውን አልደግመውም፣ ጎንደር ያለ ሰው ሁሉ ያን ንፋስና በረዶ ያውቀዋል፣ የዶርማችን ቆርቆሮ ተነቅሎ ሲበር ቪዲዮውንም አይታችኋል። ይሄን የምጽፈው ለማመስገን ብቻ ነው።

ማዘር! የብሎካችን ፕሮክተር፣ የዶርሙ ተቆጣጣሪ። ስሜን እንዳትጽፊ ብለው አስምለውኛል ግን ግቢያችን ውስጥ ማዘር ሲባል ማን እንደሆኑ የማያውቅ የለም። ሰማዩ በአዘዞ በኩል ሲጠቁር እኛ ያሰጣነውን ልብስ ልናነሳ እንሯሯጣለን፣ እሳቸው በዛ በሚያማቸው ጉልበት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው በር እየደበደቡ "ውረዱ! ከመስኮት ራቁ! ቻርጀር ንቀሉ!" ይላሉ። ሁላችንንም አውርደው ግራውንድ ኮሪደሩ ላይ፣ መስኮት የሌለበት መሃሉ ጋ፣ ጭንቅላታችንን በትራስ አስሸፍነው አስቀመጡን።

ከየት አመጡት ካላችሁ ልጃቸው አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ነው የምትማረው። እዛ ቶርኔዶ የሚሉት ከደመና እስከ መሬት እየተሽከረከረ የሚወርድ ንፋስ አለ፣ በተለይ በሚያዝያና በግንቦት ይበዛል፣ ኮሌጆቹም ሳይረን ሲጮህ ታችኛው ፎቅ መስኮት የሌለው ክፍል ግቡ እያሉ ተማሪውን ያለማምዱታል። ልጅት ለናቷ በስልክ ስታወራ ማዘር አንዷንም ቃል አልጣሏትም። የኛው ቶርኔዶ አልነበረም፣ ግን የሚበረው ቆርቆሮና የሚረግፈው መስታወት ያው ነው። እኔን እንኳ የቆረጠኝ ደረጃ ስወርድ ነው፣ ላይ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ... ተዉት፣ አልጋዬ ላይ የወደቀውን የጣራ እንጨት ሳየው ነው እኔ ያለቀስኩት።

እጄ ሲደማ ነጠላቸውን ቀደው አሰሩልኝ። ጥለቱ የሚያምር አዲስ ነጠላ! እናቴ ደባርቅ፣ ኔትወርክ የለም፣ እኔ እንቀጠቀጣለሁ፣ እሳቸው እቅፍ አድርገው "አይዞሽ ልጄ እኔ አለሁ" ይሉኛል። ከዛ ደሞ ዝናቡ ጋብ ሲል ሁሉም እቃዬ እቃዬ ብሎ ሊወጣ ሲል በሩን ይዘው ቆሙ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ማንም አይወጣም አሉ፣ መብረቅ እኮ ዝናቡ ካለበት 10 ኪሎ ሜትር ርቆም ይመታል። አንዷ ሻወር ልግባ ስትል በቧንቧ ይመጣል ብለው እሷንም ከለከሉ። በስም እየጠሩ ቆጠሩን፣ የጎደሉት ልጆች ላይብረሪ መሆናቸው እስኪታወቅ ድረስ ቁጭ አላሉም። ማዘር ምን ብዬ ላመስግንዎት? እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ የልጅዎን ወግ ማዕረግ ያሳይዎት።

ጥበቃ ቤት ተጠልላ የነበረችው የሜዲሲን ተማሪ፣ አንቺን ደሞ እግዜር ያክብርሽ። ጥበቃችን በመብረቅ ሲወድቁ ሰዉ "አትንኪያቸው ይይዝሻል" እያለ ሲጮህ መብረቅ የመታው ሰው ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም ብላ ወዲያው ደረታቸውን መጫን ጀመረች፣ ጋሼ ዛሬ ተነስተው ቡና ጠጥተዋል!

ጎርፉን ሰንጥቃችሁ ያለ ሂሳብ ሆስፒታል ያደረሳችሁን ባጃጆች፣ የድንገተኛ ክፍል ነርሶችና ዶክተሮች፣ እንጀራና ብርድ ልብስ ይዛችሁ የመጣችሁ የሰፈሩ እናቶች፣ ዶርማችሁን ያካፈላችሁን ልጆች ሁላችሁም ኑሩልን። አባቴን ከደባርቅ አምጥተህ ሂሳብ አልቀበልም ያልከው የአባዱላ ሾፌርም እንዲሁ።

ስማችሁን ያላነሳኋችሁ በጣም ብዙ ናችሁ፣ በናታችሁ እንዳትቀየሙኝ፣ በአንድ እጅ ነው የምጽፈው፣ የዛን ቀን ደሞ ማን ምን እንዳደረገልኝ ሁሉንም አላስታውስም።

ኦክላሆማ ያለሽው እህታችን፣ ይሄን ካየሽው፣ እናትሽ ጉልበታቸውን እንዲታዩ ቀጠሮ አስይዘንላቸዋል፣ እነዚህን ልጆች ጥዬ የት እሄዳለሁ ብለው እምቢ አሉን። ስትደውዪ ሂጂ በያቸው፣ አንቺን ይሰሙሻል።