አመመኝ ብለሽ ብቻ አትውጪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን፤ እናትሽም ጉልበቷን ተሽሏታል። ሳል ከያዘሽ 3 ሳምንት እንዳለፈሽ ወንድምሽ የነገረኝ ትናንት ማታ ነው። ጨንቆት ነውና እንዳትቆጪው። እዚያው ኮሪያ ሐኪም ቤት ሄደሽ በእንግሊዝኛ ‹‹ሳል አለኝ፣ ደረቴን ያመኛል›› ብለሽ ኪኒን ይዘሽ ተመለስሽ አሉ። የኔ እናት፣ አመመኝ ብለሽ ብቻ አትውጪ። እንዴት እንደሚያምሽ ተናገሪ።

ባለፈው ክረምት ትተሽው የሄድሽው የኮሪያኛ ደብተር እኔ ጋ ነው፤ ማታ ማታ አነብበዋለሁ። በቀይ እስክሪብቶ ከጎን የጻፍሻቸውን አየሁ። ‹ኮሎክ ኮሎክ› ቀለል ያለው ሳል፣ ‹ኩሉክ ኩሉክ› ከደረት ውስጥ እየጎተተ የሚወጣው። ‹ኮክ ኮክ› ጠቅ ጠቅ የሚያደርግ፣ ‹ኩክ ኩክ› ጠልቆ የሚወጋ። ‹ኦ› ወደ ‹ኡ› ስትለወጥ ሕመሙ አብሮ ወደ ታች ይወርዳል። የሚፈላው ድስት እንኳ ትንሽ ከሆነ ‹ቦግል ቦግል›፣ ትልቅ ከሆነ ‹ቡግል ቡግል› ይላል። ይህን አንብቤ ደብተሩን ከድኜ ብዙ ቆየሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። እንግሊዝኛ ድምፁን ግሥ ያደርገዋል፤ ‹ኖክ› ብሎ ማንኳኳቱንም ድምፁንም በአንድ ቃል ይጨርሳል። ኮሪያኛ ግን እንደኛው ነው። እኛ ኳ ኳ ‹አለ›፣ ብልጭ ‹አለ› እንደምንለው፣ እነሱም ድምፁን እንዳለ ትተው ‹ሃዳ› ወይም ‹ጎሪዳ› ይጨምሩበታል። ጭራሽ ድምፅ የሌለውን ኮከብ ‹ባንጫክ ባንጫክ› ያሰኙታል፤ እኛ ብልጭ ብልጭ እንደምናሰኘው። ታዲያ ለምን በእንግሊዝኛ ብቻ ትታከሚያለሽ? አፍሽ ከልጅነትሽ የለመደውን መንገድ ትተሽ?

ሕፃን ሆነሽ ትክትክ የያዘሽ ጊዜ፣ አያትሽ ከጓዳ ሆና በሳልሽ ብቻ ለየችው። እኛ በሽታውን በድምፁ ጠራነው፤ እንግሊዞችም ልጁ ከሳለ በኋላ አየር ሲስብ የሚያሰማውን ‹ሁፕ› ሰምተው ሰየሙት። ኮሪያዎች በዚህኛው ድምፁን ትተው ‹የመቶ ቀን ሳል› ይሉታል።

አያትሽን ካነሳሁ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። የታመመች ጊዜ ያያት ሐኪም የውጭ አገር ሰው ነበር፤ አስተርጓሚው እኔ። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ቡጢዋን ደረቷ ላይ አሳረፈችና እንዲህ አለች፦ ‹‹እዚህ ጋ ጭብጥ አድርጎ ይይዘኝና ልቤ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ጭው ይልብኛል፣ ዓይኔም ብዥ ይላል።›› ቡጢዋን ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ ጨበጥ እያደረገች ነበር። እኔ በወጣትነት ኩራቴ ይህን ለሐኪም መንገር የገጠር ወሬ መሰለኝ። ‹‹ደረቷን ያማታል፣ ያዞራታል›› ብዬ በጥሩ እንግሊዝኛ ጨረስኩት። ‹ቀጥ ይላል› ያለችውን ዋጥኩት። ሐኪሙ የነገርኩትን ጻፈ፤ ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኘን። ፋሲካን አላየችም። እስከ ዛሬ ያ ቡጢ ጨበጥ ለቀቅ ሲል ይታየኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ነገር አነበብኩ። ሮናልድ ሜልዛክ የተባለ በካናዳ የሚሠራ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ሕመም የሚጠየቅበትን ቅጽ አውጥቶ ነበር፤ 78 ቃላት በ20 ምድብ ተደርድረውበታል። የሚመታው፣ የሚወጋው፣ የሚያቃጥለው፣ የሚጨመድደው ሁሉ ለየብቻ ነው። እናቴ ያለችው ሁሉ ማለት ነው። ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ስለዚህ ልጄ፣ አመመኝ ብለሽ ብቻ አትውጪ። ነገ ጠዋት ተመለሺ። ‹ኦቶኬ አፑሴዮ›፣ እንዴት ነው የሚያምሽ ሲሉሽ አትፈሪ፤ ቋንቋዬ ይሰበራል ብለሽም አትፈሪ። ራስሽን የሚፈልጥሽ ከሆነ ‹ጂክን ጂክን›፣ የሚጠዘጥዝሽ ከሆነ ‹ኡክሺን ኡክሺን›፣ ጉሮሮሽን የሚለበልብሽ ከሆነ ‹ታክም ታክም› በያቸው። ደብተርሽ ላይ አንቺው ነሽ የጻፍሽው። ፎቶ አንስቼ ዛሬ እልክልሻለሁ፤ ወረቀት ላይ ገልብጠሽ በኪስሽ ያዢ። ሌሊት ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ቃል ስትመርጪ አትቆዪ፣ ወዲያው አምቡላንስ ለመጥራት 119 ደውዪ።

ካልሲ ሳታደርጊ እንዳትተኚ። እናትሽ ጥቁር አዝሙድና ማር ቋጥራለች፤ የሚመጣ ሰው አግኝተናል። የቤት ኪራይ ካነሰሽም ከወንድምሽ ጋር አትንሾካሾኪ፣ ለእኔ ንገሪኝ።

ቅዳሜ ስትደውዪ ‹‹ደህና ነኝ አባዬ›› ብለሽ እንዳትጀምሪ። መጀመሪያ አንዴ ሳል አድርጊልኝ። ሬዲዮኑን አጠፋለሁ፣ እናትሽንም ዝም አሰኛታለሁ። ኮሎክ ይሁን ኩሉክ ራሴ ልስማው።

አባትሽ