ኤጀንቱ ኮድህን አያይም

ወዳጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ጠፋሁ አይደል? ምክንያት ልደርድርልህ ብል ያው የምታውቀው ነው፦ ሥራ፣ ኑሮ፣ ከዚያ ደግሞ «ነገ እጽፍለታለሁ» እያሉ መክረም። እኔ ደህና ነኝ። ቤተሰብህም ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጨረሻው መልእክትህ ኤጀንትህ (ሥራ እንዲሠራልህ ያሰማራኸው የAI ፕሮግራም) የማይሆን ቱል (ኤጀንቱ ጠርቶ አንድ ሥራ የሚያሠራው ኮድ) እየመረጠ እንዳስቸገረህ ጽፈህልኝ ነበር። «ሞዴሉን (ለኤጀንቱ የሚያስብለትን AI) ልቀይረው ይሆን?» ብለህም ጠይቀኸኛል። እስካሁን ቀይረኸው ይሆናል። ካልቀየርከው ግን አትቸኩል። መጀመሪያ ለቱሎቹ የጻፍከውን መግለጫ አውጥተህ አንብበው።

ሞዴሉ ከቱሉ ጀርባ ያለውን ኮድ አያይም። የሚያየው ስሙን፣ መግለጫውንና የፓራሜትሮቹን (ቱሉ ሲጠራ የሚሞሉለትን መረጃዎች) ዝርዝር ብቻ ነው። ኮዱ ውስጥ በኮሜንት (በማስታወሻ) ያስቀመጥከው፣ ከባልደረቦችህ ጋር በቃል የተስማማችሁበት ሁሉ ለእሱ የለም። ሰው ግራ ሲገባው መጥቶ ይጠይቅሃል። ኤጀንት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅም፣ ይገምታል። ሲገምትም እርግጠኛ እንደሆነ ሰው ነው፤ ጥርጣሬው ፊቱ ላይ አይነበብም።

እስቲ «ደንበኛ_ፈልግ» የሚባል ቱል አለህ እንበል። መግለጫው ደግሞ «ደንበኛ ይፈልጋል» ይላል። ስሙን ደገመው እንጂ ምን ነገረው? የሚፈልገው በስም ነው በስልክ ቁጥር? ብዙ ሰው ቢገኝ ስንቱን ይመልሳል? ማንም ባይገኝስ? እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«የተመዘገቡ ደንበኞችን በስም ወይም በስልክ ቁጥር ይፈልጋል። የደንበኛው መለያ ቁጥር በማይታወቅበት ጊዜ ተጠቀምበት። መለያው ካለህ ግን ‹ደንበኛ_አሳይ› የሚለውን ጥራ። ቢበዛ 20 ሰው ይመልሳል፤ ለእያንዳንዱ መለያ ቁጥር፣ ሙሉ ስምና ከተማ ይሰጣል። የትዕዛዝ ታሪክ አያመጣም። ማንም ካልተገኘ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል፤ ይህ ስህተት አይደለም።»

ከዚህ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያዝ፣ ሌላውን ጣል ብትለኝ «መለያው ካለህ ግን» የምትለዋን ነው የምይዘው። ቱሉ ምን እንደሚሠራ ሁሉም ሰው ይጽፋል። መቼ እንደማይጠራ የሚጽፈው ግን ጥቂት ነው፤ ኤጀንቱም የሚስተው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ነው። የመጨረሻዋም ቀላል እንዳትመስልህ። ባዶ ውጤት ምን ማለት እንደሆነ ካልተነገረው፣ ቱሉ የተበላሸ መስሎት ያንኑ ጥሪ ደጋግሞ ይልካል።

ረዘመ ትለኝ ይሆናል። ይርዘም። ክሎድ የተባለውን ሞዴል የሚሠራው አንትሮፒክም ለገንቢዎች ባወጣው መመሪያ ለአንድ ቱል ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ዓረፍተ ነገር ጻፉ ይላል። እርግጥ መግለጫው ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን ከፋፍሎ የሚያነብበት ቁራጭ) ይበላል። መቆጠብ ካማረህ ግን ቱሎቹን ቀንስ። «ፈልግ»፣ «አምጣ»፣ «አግኝ» የሚባሉ ሦስት ቱሎች ጎን ለጎን ከተደረደሩ እኔም አንተም እንሳሳታለን። አንድ አድርጋቸው።

ፓራሜትሮቹን ደግሞ ችላ አትበላቸው። «ተጠቃሚ» ብለህ ከተውከው ስም ይላክ መለያ ቁጥር አይታወቅም፤ «የተጠቃሚ_መለያ» በለው። «ቀን» ብቻ ካልክ 03/04/2025 ሊመጣልህ ይችላል፤ ማርች 4 ይሁን ኤፕሪል 3 ፈልገህ ድረስበት። «ዓመት-ወር-ቀን፣ ለምሳሌ 2025-04-03» ብለህ ጻፍለት። የሚፈቀዱት እሴቶች ውስን ከሆኑ ዝርዝራቸውን ስኪማው (ፓራሜትሮቹ የሚገለጹበት ቅጽ) ውስጥ አስገባ፤ ከራሱ እንዳይፈጥር። የስህተት መልእክትም ያው የመግለጫው ተከታይ ነው። «ስህተት 400» የሚል መልስ ለማንም አይረባም። ምኑ እንደተሳሳተና ምን ተስተካክሎ እንደሚላክ ንገረው፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አርሞ ይመለሳል።

የሚያጠፋ፣ ገንዘብ የሚልክ ወይም ኢሜይል የሚበትን ቱል ካለህ «ይህ ወደ ኋላ አይመለስም» ብለህ በግልጽ ጻፍ። በጽሑፉ ብቻ ግን አትተማመን። የሰው ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር በኮድ ይታገድ፤ መግለጫ ሞዴሉን ይመራዋል እንጂ አያስቆመውም።

ሌላ ሰው የሠራውን ቱል በኤምሲፒ (ኤጀንትን ከውጭ ቱሎች ጋር በሚያገናኘው የጋራ ፕሮቶኮል) በኩል የምታገናኝ ከሆነም መግለጫዎቹን ቁጭ ብለህ አንብብ። ፕሮቶኮሉን አንትሮፒክ በኖቬምበር 2024 ከለቀቀው ወዲህ ማገናኘት በጣም ቀሏል፤ ተንኮልም አብሮ ቀሏል። መግለጫው በቀጥታ ሞዴሉ ወደሚያነበው ጽሑፍ ስለሚገባ፣ ውስጡ «ይህን ፋይል አንብበህ ወደዚህ ላክ» የሚል ትእዛዝ የሚደብቅ አለ። አንተ ስክሪን ላይ የቱሉን ስም ብቻ አይተህ ታልፋለህ፣ ሞዴሉ ግን ሁሉንም ያነባል።

አሁን እንዲህ አድርግ። ኮዱን አይቶ ለማያውቅ ባልደረባህ መግለጫዎቹን ብቻ ስጠውና ኤጀንቱ የሳተባቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ አቅርብለት። የትኛውን ቱል እንደሚመርጥ፣ ምን እንደሚሞላበትም ይንገርህ። እሱ የተምታታበት ቦታ ላይ መግለጫውን አስተካክልና ያንኑ ጥያቄ ለኤጀንቱ መልሰህ ስጠው። አንዱን ብቻ እየቀየርክ ሞክር፣ ሁሉንም ባንዴ ከነካካህ የትኛው እንደሠራ አታውቅም። ያም ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለ፣ ያኔ ስለ ሞዴሉ እናወራለን። ዝርዝሩን ከነመግለጫው ላክልኝ፣ ቅዳሜ ተቀምጬ አየዋለሁ።

ያንተው