የጣና ዳር ሆቴሎችና አዝማሪ ቤቶች ይመዝገቡልን

ለባሕር ዳር ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ግልባጭ፦ ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ

ክቡር ከንቲባ፣

የጣና ዳርቻ መልማቱን እደግፋለሁ። ይህን የምጽፍልዎ ልማቱ ሲደርስባቸው እንዳይጠፉብን ስለምሳሳላቸው ጥቂት ቦታዎች ነው።

ባሕር ዳር የዛሬ መልኳን መያዝ የጀመረችው በ1950ዎቹ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ፣ በ1955 ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ፣ ዘንባባ የተሰለፈባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ተዘረጉ። ግዮንና ጣና ሆቴል ደግሞ ዛሬ የምናያቸው ፎቆች ከመብዛታቸው በፊት ለከተማዋ እንግዳ ሲቀበሉ የኖሩ ናቸው።

የግዮን ትልቁ ሀብት ግቢው ነው። ከዋርካው ሥር አንድ ስኒ ቡና ያዘዘ ሰው፣ አልጋ ባይከራይም፣ ጣናን ፊት ለፊት ያገኘዋል። ጀልባው ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዘጌ ሲነሳ፣ ማገዶ የጫነ የደንገል ታንኳ ሲገባ ያያል። ሕንጻውን አሳምሮ ዋርካውን መቁረጥ፣ ወይም ግቢውን ለአዳሪ ብቻ ማጠር፣ በእኔ እምነት ከማፍረስ አይለይም።

ምሽቱም መታሰብ አለበት። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ጠጋ ሲል እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ቃል ሳያዛንፍ በዜማ ይመልሰዋል፣ ቤቱ በእልልታና በጭብጨባ ይደምቃል። ይህ ጨዋታ የሚያምረው በጠባብ ቤት፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ለመድረክ ጥበብ ባለውለታችን ነው፤ የአዝማሪ ቤትን ቦታ ግን የትኛውም አዳራሽ አይተካም።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ ይዞታ ሥር እያለም ተመዝግቦ እንዲጠበቅ ያስችላል። ስለዚህ ቢሮው ባለሙያ መድቦ ሕንጻዎቹንና ዛፎቹን ይመዝግብ፤ የቀድሞ አስተናጋጆችና ጀልባ ነጂዎች የሚያስታውሱትንም በድምፅ ይቅረጽ። ሆቴሎቹ ወደ ማንም እጅ ቢተላለፉ፣ ዛፎቹ እንዳይነኩና ወደ ውኃው የሚወስደው መንገድ ለነዋሪው ክፍት እንዲሆን በውሉ ይካተት። በልማት የሚነሱ አዝማሪ ቤቶች ካሉም ተቀራርበው የሚሠሩበት ምትክ ቦታ ይሰጣቸው፤ ተበታትነው ገበያ አያገኙም።

የዳርቻው ዝርዝር ዲዛይን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ