ኦንላይን ሱቅ ክፈቱ ስትሉን የመክፈያውን ገጽ ረሳችሁት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። በቅርቡ አውሮፓ ውስጥ ኦንላይን ሱቅ መክፈት ለሚፈልጉ ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሁፍ ስክሪን ሪደሬ (ስክሪን ላይ ያለውን በድምጽ የሚያነብ ፕሮግራም ነው) እያነበበልኝ ከላይ እስከታች ሰማሁት። ጥሩ ነው፣ ታክሱ አለ፣ ዕቃ ስለመመለስ አለ፣ የደንበኛን መረጃ ስለመጠበቅ ሳይቀር በደንብ ተጽፏል፣ ግን ከጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ ስራ ላይ ስለዋለው፣ ዕቃና አገልግሎት አካል ጉዳተኛም ሊጠቀምበት በሚችል መንገድ ይሰራ ስለሚለው የአውሮፓ የተደራሽነት ህግ አንዲት መስመር የለም። እኔ ጀርመን የምኖር ዓይነ ስውር ነኝ፣ ነገሩ እኔን በቀጥታ ስለሚመለከት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ ይህችን ደብዳቤ ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል።

ህጉ ድንገት ከሰማይ አልወረደም። የአውሮፓ ህብረት በ2019 ያወጣው መመሪያ ነው፣ ቁጥሩ 2019/882፣ አባል አገራት እስከ ጁን 2022 ወደየራሳቸው ህግ እንዲያስገቡት ተባለ፣ ከዛ ነጋዴው እንዲዘጋጅ ሌላ ሶስት ዓመት ተጨመረለት። ጀርመን የራሷን ህግ በ2021 ነው ያወጣችው። ባንክ፣ ስልክ፣ ኮምፒውተር፣ ኢ-ቡክ፣ ኤቲኤም፣ የትኬት ማሽን ሁሉ እዛ ውስጥ አሉ፣ እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ ኦንላይን ሱቅ ብቻ ነው። ለምን ብትሉ ለኔ አይነቱ ሰው ኦንላይን መግዛት ቅንጦት ስላልሆነ። ሱቅ ሄጄ መደርደሪያ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ማንበብ አልችልም፣ ሰራተኛ ፈልጌ ማስቸገር አለብኝ፣ እሱም ቸኩሎ ነው የሚያናግረኝ፣ በደንብ የተሰራ ዌብሳይት ካገኘሁ ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ ዋጋ አወዳድሬ ማንንም ሳልለምን እገዛለሁ።

ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ። ስክሪን ሪደር የሚያነበው ከገጹ ጀርባ ያለውን ኮድ ነው። ዌብሳይቱን የሚሰራው ዲቨሎፐር ፎቶው ላይ መግለጫ ካልጻፈ እኔ የምሰማው የፋይሉን ስም ነው፣ የፊደልና የቁጥር ክምር፣ ወይ ደግሞ "ምስል" ብሎኝ ያልፋል። በተኑ ላይ ስም ከሌለው "በተን" ይለኛል፣ ቀጥሎም "በተን"፣ ቀጥሎም "በተን"፣ የትኛው ዕቃውን ካርት (የመግዣ ቅርጫት) ውስጥ እንደሚጨምር የትኛው እንደሚሰርዝ እግዜር ይወቀው። ማውዝ አልጠቀምም፣ ኮምፒውተር ላይ ታብ እየተጫንኩ ነው ከአንዱ ወደ አንዱ የምሄደው፣ ስልክ ላይ ደግሞ በጣቴ እየጠረግኩ፣ ስለዚህ ማውዝ ካልሄደበት የማይከፈት ሜኑ ለኔ የለም ማለት ነው። ያ ኩኪ ተቀበል የሚለው ሳጥን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ ለሚያይ ሰው ፊቱ ላይ ተደቅኖ ይታየዋል፣ እኔን ግን አንዳንዴ ገጹ መጨረሻ ላይ ተወሽቆ ሌላውን ሁሉ ቆልፎ ይጠብቀኛል።

እሱስ ይሁን፣ ዕቃ መፈለጉ በትዕግስት ይታለፋል። ሰው የሚወድቀው መክፈያው ላይ ነው። ጫማውን መርጬ፣ ቁጥሩን አግኝቼ፣ አድራሻዬን ሞልቼ "ቀጥል" የሚለውን ስጫን ጸጥ ይላል። ለካ ስህተት አለ፣ የሆነው ሳጥን ዙሪያው ቀልቷል፣ ግን ቀይ ቀለም ድምጽ የለውም እኮ፣ የፖስታ ኮዱ ይሁን ስልክ ቁጥሩ ይሁን የተሳሳተው በጽሁፍ ካልተነገረኝ በምን ላውቅ ነው? ይሄንን እንደምንም አልፌ ስሄድ ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ ብሎ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ፎቶዎች ምረጥ ይለኛል። እሺ ከየት ላምጣው? ደግሞ ይሄን ስታገል ጊዜህ አልቋል ብሎ ከነካርቱ ጠርጎ ያወጣኛል። የካርድ ቁጥር የሚገባበት ሳጥን ብዙ ጊዜ ሱቁ የሰራው አይደለም፣ ከክፍያ ኩባንያ የመጣ ነው፣ እና ሱቁን ብትጠይቀው የኛ አይደለም ይላል፣ የክፍያ ኩባንያው ደግሞ ሱቁን ጠይቅ ይላል። መጨረሻው ምን መሰላችሁ፣ ጎረቤት ጠርቼ የባንክ ካርዴን ከነጀርባዋ ቁጥር አሳልፌ መስጠት። ጎረቤቴ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ግን እንዲህ አይነት ጎረቤት የለውም፣ ቢኖረውስ ምን እንደምገዛና ሂሳቤ ውስጥ ስንት እንዳለ ጎረቤት ማወቅ አለበት እንዴ?

ህጉን የጻፉት ሰዎች ይሄ የገባቸው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ኦንላይን ንግድን በተመለከተ ማንነት ማረጋገጫው፣ የደህንነት ስራውና ክፍያው ተደራሽ ይሁን ብለው ለይተው ነው የጠቀሱት። የፊት ገጹን ብቻ አሳምሮ ክፍያውን እንደነበረ መተው በር ላይ የዊልቸር መንገድ ሰርቶ ካሸሩ ፊት ደረጃ እንደመደርደር ነው። እኔ የማየው ችግር አብዛኛው እዚህ ጋ ነው፣ ሱቆቹ የመጀመሪያውን ገጽ አስተካክለው ጨረስን ይላሉ፣ እኔ ግን ገንዘቤን ይዤ ካርቱ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ።

መለኪያው ምንድነው ለሚል፣ በተግባር ሁሉም የሚመራበት ኢኤን 301 549 የሚባል የአውሮፓ ስታንዳርድ አለ፣ እሱ ደግሞ ለዌብሳይት ዊካግ 2.1 የሚባለውን ዓለም አቀፍ መመሪያ መካከለኛውን፣ ደብል ኤ የሚባለውን ደረጃ ይወስዳል። ውስጡ ሲገባ የሮኬት ሳይንስ አይደለም። ጽሁፉና ከጀርባው ያለው ቀለም በብሩህነት ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይለያዩ፣ ጽሁፉ እስከ 200 ፐርሰንት ሲጎላ ገጹ አይበላሽ፣ ሁሉም ነገር በኪቦርድ ብቻ ይሰራ፣ ስህተት ሲኖር በጽሁፍ ይነገር፣ ቪድዮው የስር ጽሁፍ ይኑረው፣ ጊዜ የሚቆጥር ነገር ካለ ማራዘሚያ ይኑረው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አስተውሉ፣ ይሄ ሁሉ ለዓይነ ስውር ብቻ የሚጠቅም አይደለም። መስማት የተሳነው አለ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥበትና ትንሿን ምልክት መንካት የማይችል አለ፣ ማንበብ የሚከብደው አለ፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንቶች አሉ። የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ በህብረቱ ውስጥ ከአራት አዋቂ አንዱ የሆነ አይነት የአካል ጉዳት አለበት ነው የሚለው። ነጋዴ ሆኖ ይሄን ያህል ደንበኛ የሚገፋ ሰው አይገባኝም።

አሁን ወደ አንባቢዎቻችሁ ልምጣ፣ እኛን አይመለከትም የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ፣ ከፊሎቹ እውነታቸውን ነው። ከ10 ሰው በታች የሚሰራበትና የዓመት ሽያጩ ወይም የሀብት ሚዛኑ ከ2 ሚሊዮን ዩሮ ያልበለጠ አገልግሎት ሰጪ ከዚህ ግዴታ ነጻ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ሆነው ማታ ማታ ፓኬት እያሸጉ የሚሸጡ ሰዎች አይደንግጡ። ግን ነጻ የሆነው አገልግሎቱ ነው፣ ህጉ ውስጥ ያሉ ዕቃዎችን፣ ለምሳሌ ኢ-ሪደር (የኢ-ቡክ ማንበቢያ) ወይ ስልክ የሚያመርት ወይ የሚያስመጣ ከሆነ ትንሽ ነኝ ብሎ ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። ሰራተኛው አስር የሞላ ዕለት ደግሞ ነገሩ ይለወጣል፣ ያኔ ሱቁን አፍርሶ እንደገና ከመስራት አሁን ሲሰራ አስተካክሎ መስራት ይረክሳል። ሱቁ ከአውሮፓ ውጪ ተመዝግቧል የሚለውም አያድንም፣ አውሮፓ ላለ ሸማች እስከሸጠ ድረስ ህጉ ይከተለዋል።

ትልልቆቹ ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነው የሚል ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ቀዳዳው አለ፣ ግን ወጪውንና ጥቅሙን አስልተው በጽሁፍ ማስረዳት፣ ወረቀቱንም 5 ዓመት ማስቀመጥ አለባቸው። ጊዜ አጣን፣ አላወቅንም፣ ቅድሚያ አልሰጠነውም የሚለው ምክንያት እንደማይሆን የህብረቱ መመሪያ መግቢያ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፣ ይቺን ሳነብ ብቻዬን ስቄያለሁ፣ የሆነ ሰው ሰበቡን ሁሉ ቁጭ ብሎ ሰብስቦታል። እስከ 2030 ጊዜ አለን የሚሉም ገጥመውኛል፣ እሱ የሽግግር ጊዜ ከ2025 በፊት ስራ ላይ ለነበሩ ማሽኖችና መሳሪያዎች እንዲሁም ቀድሞ ለተፈረሙ ውሎች የተሰጠ ነው፣ የሱቁ ዌብሳይት እዛ ውስጥ አይገባም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ያ ገጹ ጥግ ላይ የሚለጠፈው የሰው ምልክት ነው። አንድ መስመር ኮድ ጨምር፣ ወር በወር ክፈል፣ ዌብሳይትህ ህጋዊ ይሆናል ብለው ይሸጡታል። ስትነካው ፊደል አጉላ፣ ቀለም ቀይር፣ ጮክ ብለህ አንብብ የሚል ዝርዝር ይመጣል። እኔ እኮ የሚያነብልኝ ነገር አለኝ፣ ፊደል ማጉያም ስልኩ ራሱ አለው፣ ስም የሌለው በተን ይሄ ነገር ስለተለጠፈ ስም አያወጣም። እንዲያውም አንዳንዱ ከስክሪን ሪደሬ ጋር ይጣላና የባሰ ያደርገዋል። የአውሮፓ የአካል ጉዳተኞች ፎረም ይሄን በግልጽ ተቃውሟል፣ አሜሪካ ውስጥም የፌደራል ንግድ ኮሚሽኑ በ2025 ከነዚህ ሻጮች አንዱን ምርቱ የማይሰራውን ይሰራል ብሏል ብሎ 1 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ሱቅ ያላችሁ ሰዎች ብሩን ለዲቨሎፐራችሁ ስጡት።

ቅጣቱን በተመለከተ አገር ከአገር ይለያያል። ጀርመን ውስጥ እስከ 100,000 ዩሮ ይደርሳል፣ ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት ማግደቡርግ ነው ያለው፣ አስተካክል ተብሎ እምቢ ያለን ሱቅ አገልግሎቱን እንዲያቆም እስከማዘዝ ስልጣን አለው። ፈረንሳይ ውስጥ የአካል ጉዳተኞች ማህበራት ህጉ ስራ በጀመረ በቀናት ውስጥ ለአራት ትልልቅ የምግብ ሸቀጥ ኩባንያዎች የህግ ማስጠንቀቂያ ጽፈዋል። እኔ በበኩሌ ክስ ምናምን ውስጥ መግባት አልወድም፣ ጫማዬን ገዝቼ መገላገል ነው የምፈልገው፣ ግን ማህበራቱን አልወቅስም፣ በልመና ስንት ዓመት ተሞከረ።

ሱቅ ያለው አንባቢ ራሱን መፈተን ከፈለገ ቀላል ነው። ማውዙን ነቅሎ በታብና በኢንተር ብቻ ከራሱ ሱቅ አንድ ዕቃ እስከመጨረሻው ለመግዛት ይሞክር፣ የት እንዳለ የሚያሳየው ምልክት ከጠፋበት ወይ ሳጥን ውስጥ ገብቶ መውጣት ካቃተው ችግሩን አገኘው ማለት ነው። ከዛ ስልኩ ላይ ያለውን ስክሪን ሪደር፣ ቮይስኦቨር ወይም ቶክባክ የሚባለውን፣ ይክፈትና ስክሪኑን ሸፍኖ ይሞክር፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ኤንቪዲኤ የሚባል ስክሪን ሪደር በነጻ ይወርዳል። አውቶማቲክ መፈተሻ ሶፍትዌሮችም አሉ፣ ይጠቅማሉ፣ ግን ፎቶው ላይ መግለጫ መኖሩን እንጂ መግለጫው ትርጉም ያለው መሆኑን አይነግሩም፣ ቀይ ጫማ ላይ "ፎቶ 1" ተብሎ ቢጻፍም ያልፋል። ለዚህ ሰው ያስፈልጋል፣ ሰውየው ደግሞ ሊከፈለው ይገባል፣ እናንተ ስለምትቸገሩ በነጻ እርዱን የሚለው ነገር ሰልችቶናል። ጀርመን ያሉ ትንንሽ ድርጅቶች ደግሞ ምክር የሚሰጥ የፌደራል የተደራሽነት መስሪያ ቤት ስላለላቸው እሱን ይጠቀሙበት።

አዘጋጆቹን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያ ጽሁፍ ኦንላይን አሁንም ስላለ ስለዚህ ህግ አንድ አንቀጽ ይጨመርበት፣ ሰው እሱን እያነበበ ነው ሱቅ የሚከፍተው። ሁለተኛ፣ የናንተም ዌብሳይት ላይ ፎቶዎቹ መግለጫ የላቸውም፣ በዚያው ጽሁፍ መሀል ያለው ሰንጠረዥ እንደፎቶ ስለተለጠፈ የታክሱን ዝርዝር እኔ አልሰማሁትም፣ እባካችሁ በጽሁፍ አድርጋችሁ አውጡት፣ ጸሀፊው ሲያስተካክለው ፈትሽልኝ ካለኝ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጀርመን